አርባ «እኔን»

መሠረታዊው ሽፋን ደረቴን መክፈቱን ይሸፍናል፤ መዝጋቱን አይሸፍንም። ይህን የነገረኝ ኪሩቤል የሚባል የመድን ኩባንያው ሰው ነው፤ ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቅርንጫፋቸው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፈገግ ብሎ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

«እንዴት ማለት ነው? ከፍተው ሊተዉኝ ነው?» አልኩት።

«አይተዉዎትም እናቴ። መዝጋቱ በማሟያ ሽፋን ነው የሚገባው። ከመክፈቱ በኋላ ያለው ሁሉ ለእርስዎ ክፍተት ነው።»

«እናትህ አይደለሁም።»

«ይቅርታ፣ ወይዘሮ ኤዶም።»

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ መዳፌን ጨርቁ ላይ እያስኬድኩ የሳሳ ቦታ መፈለግ ነበር ሥራዬ። አሁን ልቤ ውስጥ አንዲት በር አልዘጋ ብላለች፤ ደሙ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሐኪሙ «ካልተሠራ ክረምቱን አይወጡም» አለኝ፣ በቃ እንዲሁ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ። እኔም እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ማሟያ ካገኘሁ እኖራለሁ፣ ካላገኘሁ እሞታለሁ።

«ምን ምን አለህ?» አልኩት።

ኪሩቤል ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር አሳየኝ። የመጀመሪያው ማሟያ ከሃምሳ ዓመት በታች ላሉ ነው። ሁለተኛው የሦስት ዓመት መጠበቂያ አለው።

«ሞቼ ልጠብቅ?»

«ሦስተኛው አለ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወዳጅ ማሟያ ይባላል። ክፍያ የለውም፣ መጠበቂያ የለውም። በስልሳ ቀን ውስጥ አርባ ሰው "እኔን" ሊልዎት ይገባል።»

ቃሉን ታውቁታላችሁ። ሰው ሲደናቀፍ፣ ቢላ ጣቱን ሲቆርጠው፣ ድስት ሲያቃጥለው ከአፋችን የሚያመልጥ ነው። ማንም አስቦ አይለውም። ግስ እንኳ የለውም። ግሱን ኩባንያው ጨመረለት፤ «እኔን ያግኘኝ» ማለት ነው፣ ያግኘኝ ያለ ሰው ደግሞ ፈቅዷል ማለት ነው ብሎ። ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ሰው በየሻይ ቤቱ ሲስቅበት አስታውሳለሁ። ሳቁ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ የፋብሪካችን መካኒክ ያቤጽ፣ ለዝንብም ለሰውም «እኔን» የሚል ደግ ሰው፣ የሐሞት ጠጠር ሊያስወጣ ገባ፤ ሽፋኑም ከማደንዘዣው በፊት አለቀ። ጩኸቱ እስከ ውጭ ወረፋ ድረስ ይሰማ ነበር ይላሉ፤ በሕይወት አልወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው አፉን መያዝ ጀመረ።

«ደንቡን ልንገርዎት» አለ ኪሩቤል። «ከአንድ ሰው አንድ ብቻ ይቆጠራል። ሰውየው ሲጎዱ በዓይኑ አይቶ ነው ማለት ያለበት። ተለምኖ ያለው አይቆጠርም፤ ሰሚው ይለየዋል።» ሰሚው አንገታችን ሥር ያለው መሣሪያ ነው፤ የሁላችንም። «አንድ ሰው ባለ ቁጥር የክፍተትዎ አንድ አርባኛ ወደ እሱ ይዞራል።»

«ይዞራል ማለት?»

«እሱ ሲታመም ያችን ያህል ይጎድልበታል። እና አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በስልሳው ቀን ውስጥ እርስዎ ለሌላ ሰው እንዳይሉ። ካሉ የሰበሰቡት በሙሉ ይሰረዛል። ሰጪና ተቀባይ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም።»

«እኔ ብዬ አላውቅም» አልኩት።

መዝገቡን አየ። «ባለፈው ዓመት ብቻ መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ብለዋል። ስልሳ ሦስቱ ለድመት ነው፤ ለድመት የተባለው ችግር የለውም። የቀረው ነው መዝጋቱን የበላብዎት።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ፊርማ ነው።

ስመለስ አውቶቡሱ ጠባሴ ሰፈር ላይ ድንገት ፍሬን ያዘ። የቆምነው ሁሉ እርስ በርሳችን ላይ ወደቅን። አንዲት ሴት ግንባሯን ብረቱ መታት፤ ደሙ በቅንድቧ ወረደ። ውስጡ ያለው ከሃምሳ ሰው አያንስም፤ ከአንዱም አፍ ድምፅ አልወጣም። ሁሉም ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ በመስኮት ያያል። ሴትየዋ ራሷ እንኳ ዝም ብላ ደሟን ትጠርጋለች። እኔም ከንፈሬን ነክሼ መሐረብ ሰጠኋት። መሐረብ መስጠት አይቆጠርም። ከሠላሳ ዓመት በታች ያሉት መንከስ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ቃሉ እነሱ ዘንድ የለም። ትምህርት ቤት «አይዞህ በሉ» ተብለው ነው ያደጉት። አይዞህ ነፃ ነው።

በማግስቱ መውደቅ ጀመርኩ።

መውደቅ ሙያ ነው፤ ማንም እንዳይዋሻችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ በር ላይ እንደ ጆንያ ተዘረገፍኩ። ሰው «ውይ!»፣ «በስመ አብ!» እያለ ተሯሯጠ፣ አምቡላንስ ጠሩልኝ። ውይ አይቆጠርም። በስመ አብም አይቆጠርም። ኋላ ገባኝ፤ ትልቅ አወዳደቅ ሰውን ያስደነግጠዋል፣ የሚያሳዝነው ትንሹ ነው። አንድ እግር ከድንጋዩ ጠርዝ ማሳሳት፣ በአንድ ጉልበት መንበርከክ፣ መዳፍን መሬት ማስነካት፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቶሎ ለመነሳት መሞከር። ያፈረ ሰው ያሳዝናል። እኔም ማፈሩን ማስመሰል አላስፈለገኝም።

ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ መድኃኒቴን ውጬ፣ የት እንደምወድቅ እያሰብኩ እወጣለሁ። ሰኞ ጤና ጣቢያ ወረፋ፣ ማክሰኞ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን በር፣ ቅዳሜ ገበያ። የሚለው ሰው በዓይኑ ይታወቃል፤ የሰው እግር እያየ ነው የሚሄደው። ብዙ ጊዜ አሮጊቶች ናቸው፣ ከገጠር የመጡ፤ በዚያ ላይ ሕመም የማያጣቸው። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው ፊታቸው የምወድቀው።

አፍሬ ነበር? አዎ፣ አፍሬ ነበር። ግን መሞት አልፈለግሁም። መኖር መፈለግ ነውር ነው እንዴ?

በሃያኛው ቀን አሥራ አንድ ነበረኝ። በሠላሳ አምስተኛው ሃያ ሁለት። ሰሚው በተቆጠረ ቁጥር ጢን ይላል፤ የእኔም፣ ያለው ሰውም። ያን ጊዜ ነው ሰዎቹ የሚያውቁት። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንዳንዱ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሞ ይቀራል። እኔ ጉልበቴን አራግፌ እሄዳለሁ።

አንድ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስደርስ ግራጫ ኮት የለበሰ ሽማግሌ እዚያው እኔ የምወድቅበት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ አገኘሁት። አወዳደቁ ጥሩ ነበር። ማንም ግን ምንም አላለም፤ ሰዉ እሱን ዞሮ ያልፋል። ሲነሳ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«እዚህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ተመዝግቦልሻል?» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። «እኔ ስምንት ቀን ነው የቀረኝ። ውጪልኝ፣ ሁለት ስንሆን ሰው ይነቃል።»

ወጣሁለት። በዚያው ሰሞን ነው አውቶቡሶቹ ውስጥ ማስታወቂያው የተጀመረው፤ ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው፣ «ሰው ሲወድቅ ካዩ ዓይንዎን ወደ ሌላ ያድርጉ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሥራው ከበደ። ሰው መንገድ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ መሄድ ጀመረ፤ እውነተኛ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባም በዛ። የገቡትን ዝም ብለን እናወጣቸዋለን።

ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡ ባልቴት አሉ። ማስታወቂያውን የሰሙ አይመስለኝም፤ አውቶቡስም አይሳፈሩም። ሸራቸው ፊት ተንበረከክሁ።

«እኔን! እኔን ልጄን!» አሉ። ወገባቸውን ይዘው ተነስተው፣ ሸራውን ዞረው መጡና በነጠላቸው ጫፍ ጉልበቴን ይጠርጉልኝ ጀመር። ጢን አለ። የእሳቸውም ጢን አለ። እጃቸው ጉልበቴ ላይ ቆመ።

«ስኳር አለብኝ እኮ ልጄ» አሉኝ። አልተቆጡም። መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ነው ያሉት።

«አይዞዎት» አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ ይህችን ብዬ ሄድኩ። ሠላሳ አንደኛዬ ነበሩ። ቤቴ ገብቼ ምሳዬን ሳልነካ ከደንኩት። ቢሆንም ሰኞ ጠዋት ተመልሼ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ።

ልጄ ሄራን ከሰመራ መጣች፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አንዷን እኔ እሞላልሻለሁ እማ» ብላ ነው የመጣችው። ተለምኖ እንደማይቆጠር ነገርኳት፤ ቢሆንም አብራኝ ዋለች፣ አንድ ነገር እስክሆን እየጠበቀች። በሦስተኛው ቀን የጓዳው በር ጣቴን ቀረጠፈኝ። ይህ የእውነት ነው፤ ጥፍሬ ተነቀለ፣ ጮህኩ። ሄራን ሮጣ መጥታ እቅፍ አደረገችኝና፣

«አይዞሽ እማ! አይዞሽ!» አለች።

ከዚያ ደነገጠች። «እኔን» አለች። ሰሚዬ ዝም። «እኔን! እማ፣ እኔን!» ደጋገመችው፣ ሰባት ስምንት ጊዜ፤ ድምፅዋን እያነሳች፣ እያወረደች፣ አንዴ በሹክሹክታ፣ አንዴ እየጮኸች። ጣቴ እየደማ ቆሜ አዳመጥኳት። የውጭ አገር ቃል የምታጠና ነበር የምትመስለው።

«ተይው በቃ» አልኳት።

«እወድሻለሁ እኮ እማ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይወጣኝም?» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ለምን እንደማይወጣት እኔ አውቃለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ ሆና የጎረቤት ሕፃን ሲወድቅ «እኔን» ስትል አፏን በመዳፌ የመታሁት እኔ ነኝ። አንዴ አይደለም፣ እስክትተወው ድረስ ነው። ያቤጽ በሞተ ዓመት ነበር፤ እሷን ላድን ብዬ ነው። ጣቴ ከተቀረጠፈ በሁለተኛው ቀን ወደ ሰመራ ተመለሰች፤ መናኸሪያው ላይ ስንሰነባበት ሁለታችንም መሬት መሬት እናይ ነበር።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ነበረኝ።

አንድ ብቻ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ስድስት ቦታ ወደቅሁ፤ አንድ ሰው አልተነፈሰም። ከተማው አውቆኛል። መናኸሪያው ላይ ገና ስታይ ሰው ጀርባውን ይሰጠኛል። ልቤ ደግሞ በየውድቀቱ ትቆማለች፣ ትነሳለች፤ መሬት ላይ እያለሁ ዓይኔ የሚጨልምበት ጊዜ ነበር። ሲነጋ ሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ሆነ፤ የሸኖ መኪና ላይ ተሳፈርኩ።

ሸኖ ያለችው እህቴ ናት፣ እትዬ ሶልያና። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጸጉሬን የሠራችው፣ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ጀርባዋ ላይ አዝላ ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ እሷ ናት። እስከዚያን ቀን እሷ ጋ ያልሄድኩት ኩላሊቷን በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለምታሳጥብ ነው። ስለ ማሟያውም በስልክ አልነገርኳትም፤ ካወቀች ሆን ብላ ትለዋለች፣ ያ ደግሞ አይቆጠርም። መኪናው ውስጥ ሙሉ መንገዱን ለራሴ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ አርባኛ ምን አላት? አንድ አርባኛ ምንም አይደለም።

ቤቷ ፊት ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። እታች ቆምኩና አየኋቸው። የመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ቀኝ እግሬን አሳስታለሁ፣ በግራ ጉልበቴ እወርዳለሁ። ስትከፍት፣ ልታቅፈኝ ስትመጣ። ሁሉን አስቤ ጨርሻለሁ።

«እትዬ!» ብዬ ተጣራሁ።

በሩ ተከፈተ። ከስታለች፤ ሹራቧ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ኤዱ! የኔ ኤዱ መጣሽልኝ?» እጇን ዘርግታ ወደ ደረጃው ወጣች። በሁለተኛው ደረጃ ላይ እግሯ ከጠርዙ ሳተ።

«እኔን!» አልኩ።

እኔ አላልኩትም። አፌ ነው ያለው። ወደ እሷ እየሮጥኩ ነበር፣ እጄ ክንዷን ሊይዝ ተዘርግቶ፣ ቃሉን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው። የእሷ ሰሚ ጢን አለ። የእኔ ግን ረጅም ድምፅ አወጣ፣ እየቀጠነ ሄደ፣ ቆመ። ሠላሳ ዘጠኙ ሰው፣ ስኳር ያለባቸው ባልቴት፣ ስልሳው ቀን፣ ሁሉም አለቀ። እንዲሁ ነው የሚያልቀው።

ደረጃው ሥር አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካለች። መዳፏ መሬቱን ነክቷል። ሳትጎዳ፣ በልክ፣ ሥርዓት ባለው አወዳደቅ። ሰው ሳያስብበት እንደዚያ አይወድቅም፤ እኔን ጠይቁኝ። እሷም የምታየው ፊቴን አልነበረም፣ አንገቴን ነበር፤ ያን ረጅም ድምፅ ሰምታዋለች።

«አንቺም?» አለች። «ኤዱ፣ አንቺም ገብተሽበታል?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ስንት ቀርቶሽ ነበር?»

«አንድ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «አላወቅሁም» አለች። «ማርያምን አላወቅሁም። አንድ አርባኛ ምን አላት ብዬ ነው እኮ። ጤነኛ ነች፣ ወጣት ነች፣ ምን ትሆናለች ብዬ ነው።»

«አንቺስ?» አልኳት። «ስንት ይቀርሻል?»

«ዘጠኝ።»

«ቀኑስ መቼ ያልቃል?»

«ዛሬ ነው» አለች።

ሰዓቱን አላየሁም። ሸኖ መንገድ ላይ አንድም ሰው አይታይም ነበር፤ ቢታይም ሰማይ ሰማይ ያያል። ልመታት ፈለግሁ፤ አልደብቃችሁም፣ ያንን ሹራብ ይዤ ልንጣት ፈለግሁ። ክንዷን ይዤ አነሳኋት። ቆማ ስታለቅስ ጎንበስ ብዬ ከቀሚሷ ላይ አቧራውን አራገፍኩላት፣ ጉልበቷ ጋ ያለውን፣ ከዚያ ጫፉን፣ እስኪጠራ ድረስ።